ከሰው አንጎል ሴል ኤሌክትሪክ ስቀዳ 50 ኸርዝ አላስቀዳ አለኝ፤ ኤሌክትሪክ የሚገባው ሰው አለ?

ፒፔቷ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ተቃጥዬ ነው የምጽፈው። ያለሁት ጀርመን ነው፣ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ሥራዬ የአንድ ነጠላ የአንጎል ሴል ኤሌክትሪክ መቅዳት ነው። ዘዴው ፓች ክላምፕ ይባላል። ትናንት ማታ የሰው ቲሹ (የአንጎል ቁራጭ) ደርሶን ነበር፤ ለኛ ይሄ እንደ ሰርግ ነው፣ በወር አንዴ ከመጣ ተመስገን ነው። እኔ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ስክሪን ላይ የሚወዛወዝ 50 ኸርዝ፣ የግድግዳው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝበትን ጫጫታ፣ ሳይ አመሸሁ። ችግሩን ከመንገሬ በፊት ሥራውን ላስረዳ፣ አለዚያ «ሶኬቱን ነቅለሽ መልሺው» የሚለኝ ይበዛል። ነቅዬ መልሼዋለሁ።

ቲሹው ከየት ይመጣል? የሚጥል በሽታ ኖሮባቸው በመድኃኒት አልቆም ያላቸው ሰዎች አሉ። ለአንዳንዶቹ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚነሳው ከጆሮ ገባ ብሎ ጥልቅ ቦታ ላይ ካለው ሂፖካምፐስ ነው። እዚያ ለመድረስ ሐኪሙ ከላይ ያለውን ኮርቴክስ፣ የአንጎሉን የውጭ ሽፋን፣ ማውጣት አለበት። ያ ቁራጭ ወትሮ የሚጣል ነው። ታካሚው አስቀድሞ ፈርሞ ከፈቀደ ግን ለኛ ይሰጠናል። ድፍን ስኳር የምታክል ናት። ኦክስጅን ቡልቅ ቡልቅ በሚልበት ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ውስጥ ሆና ትመጣለች። ወዲያው በሚንቀጠቀጥ ምላጭ 0.3 ሚሊሜትር እየሳሳች ትቆረጣለች። ሦስት የፎቶኮፒ ወረቀት ቢደራረብ ያን ያህል ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ታርፋለች። በደንብ ከተያዘች እስከ ንጋት ሕይወት አላት።

ሴሉን የምቀዳበት ፒፔት ተራ የመስታወት ቱቦ ነው። መሃሉ በጋለ ሽቦ ሲሞቅ ከሁለት በኩል ይሳባል፣ እንደ ካራሜላ ቀጥኖ ለሁለት ይበጠሳል። የጫፉ ቀዳዳ ከአንድ እስከ ሁለት ማይክሮሜትር ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ይሆናል። ውስጡ የሴሉን የውስጥ ፈሳሽ የሚመስል የፖታሲየም ጨው ይሞላና የብር ሽቦ ይገባበታል። ሽቦው መጀመሪያ በረኪና ውስጥ ተነክሮ መጥቆር አለበት፣ አለዚያ ንባቡ ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ያታልላችኋል። አዎ፣ ነጭ ልብስ የምንነክርበት በረኪና።

አሁን ዋናው። ሴሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፒራሚዳል ነው የሚሉት፣ ለእኔ ሳምቡሳ ነው የሚመስለኝ። ከፒፔቱ ጀርባ ቀጭን ጎማ አለ፣ የጎማው ጫፍ አፌ ውስጥ ነው። የፒፔቱ አፍ ቆሻሻ እንዳይዝ እየነፋሁ እጠጋለሁ። ስደርስበት ሴሉ በንፋሱ ስርጉድ ይላል፣ ፈገግ እንዳለ ጉንጭ። ያኔ መንፋቱን ትቼ በቀስታ እስባለሁ። በስትሮ ለስላሳ እንደመጠጣት ነው፣ ግን ከዚያ መቶ እጥፍ በቀስታ። 5 ሜጋኦም የነበረው ሬዚስታንስ 40፣ 200፣ 700 እያለ ይወጣል፣ ከዚያ ድንገት ጊጋኦም (አንድ ሺህ ሜጋኦም) ያልፋል። የሴሉ ሽፋንና መስታወቱ ተጣበቁ ማለት ነው። ከዚያ አንድ አጭር ስበት፣ እንደ መሳም። ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ፒፔቱና ሴሉ አንድ ዕቃ ይሆናሉ። ስክሪኑ −70 ሚሊቮልት ይላል። ትንሽ ከረንት ስሰጠው ይተኩሳል፤ እያንዳንዱ ተኩስ ወደ 100 ሚሊቮልት ሽቅብ ወጥቶ በአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ይወርዳል። አራት ዓመት ሠርቼ አሁንም በመጀመሪያው ተኩስ ልቤ ዘለል ይላል።

አሁን ችግሬ። ሌላ ሴል ሹክ ሲለው የሚመጣውን ከረንት ነው የምፈልገው፣ 10 ፒኮአምፒር ገደማ። መስመሬ ላይ ግን 60 ፒኮአምፒር የሚወዛወዝ ማዕበል አለ። የክፍሉን መብራት አጠፋሁ። ስልኬን ውጭ አስቀመጥኩ። የማይክሮስኮፑን አምፖል አጠፋሁ። ሁሉም ነገር የመዳብ ወንፊት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ክፍተቱን በፎይል ሸፈንኩ። ምንም። አለቃዬ «ነገ ይታያል» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ነገ ደግሞ ቲሹው የለም!

ሳቂታው · 3:52

ሳምቡሳ፣ ካራሜላ፣ ስኳር፣ ለስላሳ። እህቴ፣ እራት ሳትበዪ ነው የጻፍሽው።

ፒፔቷ · 3:55

ትክክል ነህ፣ አልበላሁም።

ሚኪ_ቮልት · 4:10

እህቴ ሰላም። ስለ አንጎል የማውቀው የለም፣ ዱባይ የሕንፃ ኤሌክትሪሻን ነኝ። ግን 50 ኸርዝ የዕለት እንጀራዬ ነው። ሦስት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ 50 መሆኑን ቆጥረሻል ወይስ መስሎሽ ነው? 100 ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ወይ ሸምበቆ አምፖል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ግራውንድ ያደረግሻቸው ዕቃዎች ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ ነው የሚገናኙት ወይስ አንዱ ከአንዱ ተቀጣጥሎ ነው? ተቀጣጥሎ ከሆነ ሉፕ ሠርተሻል፣ ሉፕ ደግሞ አንቴና ነው። ሦስተኛ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ነቅለሽ አይተሻል? ማጥፋት አላልኩም፣ ከግድግዳው መንቀል ነው ያልኩት። የጠፋ ዕቃም እኮ ገመዱ ሕያው ነው።

ፒፔቷ · 4:21

ቆጥሬዋለሁ፣ በ20 ሚሊሰከንድ አንዴ ነው፣ ስለዚህ 50። ግራውንዱ አንድ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነው የሚገናኘው፣ እሱን ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ አሳምሮ ሠርቶታል። መንቀሉን ግን በከፊል ነው የሞከርኩት፣ እውነቱን ለመናገር። ቲሹው እየሞተብኝ ነበር።

ሚኪ_ቮልት · 4:25

በከፊል የሚባል መንቀል የለም። ነገ ያለ አንጎል ሞክሪው። እስከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ 70 ሚሊቮልት ማለት እኮ ምንም ማለት አይደለም። የእጅ ባትሪ እንኳን 1.5 ቮልት ነው።

ፒፔቷ · 4:33

ምንም አይደለም ብለህ አትናቀው። የሴሉ ሽፋን ውፍረት ወደ 5 ናኖሜትር ነው። 70 ሚሊቮልት በዚያች ቀጭን ነገር ላይ ሲያርፍ፣ አካፍለው፣ በሜትር 14 ሚሊዮን ቮልት ይመጣል። አየር በ3 ሚሊዮን ገደማ ነው የሚበጣጠሰው።

ሚኪ_ቮልት · 4:34

ኧረ በስመአብ። ጭንቅላቴ ውስጥ ሃይቴንሽን ተሸክሜ ነው የምዞረው?

መምህር_በጡረታ · 4:50

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ አሮጌ ቁስል ነካሽብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። የነርቭን ምዕራፍ ሳስተምር ሁልጊዜ የምነግራቸው የስኩዊድን ታሪክ ነበር። ሆጅኪንና ሃክስሊ የተባሉ እንግሊዛውያን በ1952 የነርቭ ተኩስ እንዴት እንደሚፈጠር በሒሳብ ጭምር ያስረዱት የሰውን ነርቭ ነክተው አይደለም። ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ አለ፣ አንዱ የነርቭ ክሩ እስከ አንድ ሚሊሜትር ይወፍራል፣ ሽቦ ውስጡ ይገባል። በሴሉ ሽፋን ላይ ባለ በር ሶዲየም ሲገባ ወደ ላይ፣ ፖታሲየም ሲወጣ ወደ ታች፣ ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ተማሪዎቼ ግን «መምህር፣ በሩን ዓይቶት የሚያውቅ አለ?» ብለው ሲያፋጥጡኝ ዝም ነበር መልሴ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ በሩ መኖሩ በምን ታወቀ?

ፒፔቷ · 5:15

መምህር፣ ጥያቄውን እንደው ቢመርጡት እንኳን እንዲህ አይገጥምም። የኛ ዘዴ የተወለደው ለዚያች ጥያቄ መልስ ነው። ኤርቪን ኔየርና በርት ሳክማን ጀርመን ውስጥ ጎቲንገን ነበሩ። ሀሳባቸው፣ ሽፋኑን በሙሉ ከማዳመጥ ጥቂቷን ቁራጭ ብቻ፣ አንድ በር ያለባትን ያህል፣ በመስታወት አፍ ከልሎ ማዳመጥ ነው። በ1976 በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ አሳዩት። የታየው ከረንት እንደ ማዕበል አይደለም፣ እንደ ደረጃ ነው። ዜሮ ነበር፣ ድንገት ጥቂት ፒኮአምፒር ሆነ፣ ትንሽ ቆየ፣ ድንገት ወደ ዜሮ። ተከፈተ፣ ተዘጋ። አንድ ሞለኪውል ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይን እንደማየት ነው። አንድ ፒኮአምፒር ማለት በሰከንድ ወደ 6 ሚሊዮን አዮን፣ ኤሌክትሪክ የያዘ የጨው ቅንጣት፣ በዚያች በር አለፈ ማለት ነው።

ግን ጫጫታው ገና ብዙ ነበር፣ መስታወቱና ሽፋኑ በደንብ አይገጥሙም፣ በጎን ያፈሳል። በ1980 ኔየር አዲስ የተሳበ ንጹህ ፒፔት ይዞ ትንሽ ሳብ ሲያደርግ ሬዚስታንሱ ተወርውሮ ጊጋኦም ገባ። እኔ በጎማ የምስባት ስበት ያቺ ናት። በ1991 ኖቤል ወሰዱበት።

ተማሪዎችዎን ካገኙ «አዎ፣ ታይቷል» ይበሏቸው።

መምህር_በጡረታ · 5:22

አንዱን ዛሬም በቴሌግራም አገኘዋለሁ፤ አሁኑኑ እልክለታለሁ። ዘግይቶም ቢሆን ማርክ ይጨመርለታል።

ሰላማዊት_ነርስ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:30

ኦፕሬሽን ክፍል ነው የምሠራው፣ አዲስ አበባ። አንድ ነገር ከነከነኝ። «ፈርሞ ከፈቀደ» ብለሽ በአንድ ቃል አለፍሽው። ሰው ጭንቅላቱ ሊከፈት ሲል የሚፈርመውን ወረቀት አንብቦ ነው የሚፈርመው? እኔ ጋ ቤተሰብ አውራ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚፈርመው።

ፒፔቷ · 2:05

ልክ ነሽ፣ በአንድ ቃል መታለፍ አልነበረበትም። እኛ ጋ ለምርምር የሚፈረመው ወረቀት ከቀዶ ሕክምናው ወረቀት ለብቻው ነው። ለምርምሩ እምቢ ቢል ሕክምናው በምንም አይለወጥም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ይነገረዋል። ሐኪሙ ለኛ ብሎ አንዲት ሚሊሜትር ጨምሮ አይቆርጥም። ስም አይደርሰኝም። የሚደርሰኝ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የበሽታው ዓይነት፣ የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ሰኞ ማታ የመጣችው የ34 ዓመት ሴት ናት፣ ከዚህ ሌላ አላውቃትም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከሴሏ ጋር ስታገል እሷ ማገገሚያ ክፍል ነቅታ ውሃ እየጠየቀች ይሆናል። እሱን ማሰብ አልተውም።

ሰላማዊት_ነርስ · 2:11

እሺ። አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ።

ዕንቍ_ልቦና · 2:40

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ያ ቁራጭ ያስባል? ያመዋል? በእውነት ነው የምጠይቀው፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

ፒፔቷ · 3:00

አይዞሽ፣ እናቴም ይህንኑ ነው የጠየቀችኝ። ሕመም አያውቅም፤ ሙሉ አንጎል እንኳን በራሱ ሥጋ ላይ ሕመም አይሰማውም። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ነቅቶ እያወራ የሚታከመው። ማሰብ ለሚለው፣ ቁራጯ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው የምትለው። ከዓይን ከጆሮ የሚመጣው ተቆርጧል፣ ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል የሚሄደውም እንዲሁ። ከመስመር እንደተነቀለ ስልክ ነው፣ ዕቃው ደህና ነው፣ የሚያወራበት ሰው ግን የለም። እንዲተኩስ ከረንት የምሰጠው እኔ ነኝ። ስለ ነፍስ ከጠየቅሽኝ ፒፔቴ አይለካውም፣ እሱን ለአባቶች እተወዋለሁ።

ተጠራጣሪው · 4:30

ጥሩ ታሪክ ነው ግን አልዋጥ ያለኝ አለ። የምትቀጂው የታመመ ሰው አንጎል ነው። ለዓመታት መድኃኒት የወሰደ፣ ለዓመታት ሲጥለው የኖረ። ከዚያ ተነስታችሁ «የሰው አንጎል እንዲህ ነው» ትላላችሁ። የተበላሸ መኪና ፈትቶ ስለ መኪና መጻፍ ማለት ነው። አይጥስ ምን ጎደለው? ጤነኛ፣ ርካሽ፣ በየቀኑ የሚገኝ።

ፒፔቷ · 6:10

ይሄ የዘርፉ እውነተኛ ራስ ምታት ነው፣ ስለዚህ በረጅሙ ልመልስ።

መጀመሪያ፣ የምናገኘው ቁራጭ ብዙ ጊዜ በሽታው የሚነሳበት ቦታ ራሱ አይደለም፣ ወደዚያ ለመድረስ የሚነሳው ኮርቴክስ ነው። መኪናው ተበላሽቷል፣ እኔ የያዝኩት ግን በሩን ነው። ፍጹም ጤነኛ ነው ግን አልልህም። ስለዚህ አንዱ መንገድ ለዕጢ ተብሎ ከተቀደደ ሰው ከመጣ ቲሹ ጋር ማነጻጸር ነው። የበሽታው ታሪክ የተለያየ ሆኖ ሴሉ ተመሳሳይ ጠባይ ካሳየ፣ ያ ጠባይ የበሽታው አይደለም ማለት ይቻላል። ጤነኛ ሰው ለምርምር አንጎሉን አይከፍትም፣ መከፈትም የለበትም። ያለን ይሄ ነው።

አይጥ ምን ጎደለው ላልከው። እኔም ለልምምድ በየቀኑ በአይጥ ነው የምሠራው። ግን የሰው ሴል የአይጥን ሴል በትልቁ ፎቶኮፒ ማድረግ አይደለም። በ2021 የወጣ አንድ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ጥናት ከአሥር አጥቢ እንስሳት፣ ከአይጥ፣ ከጥንቸል፣ ከጦጣ፣ ከሰውም ጭምር ሴል ቀድቶ አነጻጸረ። በዘጠኙ ሕግ አለ፣ ሴሉ ሲተልቅ የአዮን በሮቹም በዚያው ልክ ይበዛሉ። ሰው ላይ ሕጉ ፈረሰ። ሴሉ ትልቅ ሆኖ በሮቹ ከሚጠበቀው በታች ናቸው። ለምን? ምናልባት ጉልበት ለመቆጠብ ነው ይላሉ፣ በር በተከፈተ ቁጥር አዮኑን መልሶ ማውጣት ኃይል ይበላልና። ግምት ነው። መለኪያው ግን ግምት አይደለም።

ከሁሉ የምወደው የበርሊኑ ነው፣ 2020። ሴሉ ዴንድራይት የሚባል ቅርንጫፍ አለው፣ መልእክት የሚቀበልበት። እነዚህ ሰዎች ፒፔቱን ሆዱ ላይ ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉ ላይም ተከሉት። ቅርንጫፉ እኮ ቀጭን ነው፣ እኔ አንዴ ሞክሬ አልቅሼ ትቼዋለሁ። እዚያ በካልሲየም የሚነሳ እንግዳ ተኩስ አገኙ። ወትሮ፣ ነርቭ በበቂ ሲነካ ይተኩሳል፣ የበለጠ ቢነካም ያው ይተኩሳል። ይሄኛው ግን በልክ ሲነካ ይተኩሳል፣ ከልክ በላይ ሲነካ ይደክማል። ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን «አንዱ ይምጣ፣ ሁለቱ ከመጡ ግን አልፈልግም» የሚል ስሌት መሥራት ይችላል። ይህን ስሌት ለመሥራት ብዙ ሴል ተያይዞ መረብ መሥራት አለበት ነበር የሚባለው።

ሚኪ_ቮልት · 6:18

ቆይ ቆይ። ይሄማ የደረጃ መብራት ነው! አንድ ማብሪያ ከታች፣ አንድ ከላይ። አንዱን ስትጫኚ ይበራል፣ ሁለቱንም ከተጫንሽ ይጠፋል። በቀን አሥር ጊዜ ነው የምሠራው።

ፒፔቷ · 6:20

በትክክል እሱ ነው። ኮምፒውተር የሚያጠኑት ኤክስኦር ይሉታል። ከዛሬ ጀምሮ ሳስተምር የደረጃ መብራት ነው የምለው።

ተጠራጣሪው · 6:45

እሺ፣ አንዱን ሴል ሰማችሁ። አንጎል ግን ሴል ለሴል ሲነጋገር ነው አንጎል የሚሆነው።

ፒፔቷ · 7:05

አዎ፣ ለዚህ ነው ሰው ፒፔቱን የሚያበዛው። በበርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል እስከ አሥር ፒፔት በአንድ ጊዜ ሠርተው በ2024 አሳትመዋል። ከ23 ታካሚዎች ቲሹ፣ ከ1,000 በላይ ሴል። አሥር! እኔ በሁለት እጄ አንድ እያስቸገረኝ። አንዱን ያስተኩሱና ሌሎቹ ዘጠኙ ሰሙት ወይ ብለው ያያሉ። ያገኙት፣ መልእክቱ ባብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚፈሰው፣ ወደ ተነሳበት ዞሮ የሚመለሰው ጥቂት ነው። አይጥ ላይ መመላለሱ ከዚህ ይበዛል።

አይጥ ላይ ጭራሽ ያልተገኘም አለ። በ2018 የሃንጋሪዋ ሴጌድና የሲያትል ተመራማሪዎች አንድ ሴል አገኙ፣ ሌሎችን ዝም የሚያሰኝ፣ ሲቀለም የጫካ ጽጌረዳ ፍሬ የሚመስል። ስሙንም በፍሬው ሰየሙት። እኔ ለራሴ ቀጋ ሴል ነው የምለው።

መምህር_በጡረታ · 7:12

ቀጋ በልተን ያደግን ሰዎች ጭንቅላታችን ውስጥም ቀጋ አለ በይኛ። ደስ አለኝ።

ተጠራጣሪው · 7:30

በሩን ነው የያዝኩት ያልሽው ጥሩ መልስ ነው። መድኃኒቱ ላይ ግን አልተስማማንም።

ፒፔቷ · 7:33

አልተስማማንም። እኔም ከራሴ ጋር አልተስማማሁም።

የወንድሜ_ጠባቂ · 9:20

እኔ ሳይንሱ ብዙ አልገባኝም። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ ከልጅነቱ ይጥለዋል። ፌኖባርቢታል ነው የሚወስደው። አንዳንዴ ጠበል ሲገባ ያቆመዋል። ሲጥለው ጎረቤት ክብሪት ያሸቱታል። እናንተ የምትሠሩት ለእሱ ምን ይጠቅመዋል? በቅንነት ነው።

ፒፔቷ · 9:50

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዛሬ የሚጠቅመውን ልበል። ጠበሉን ይጠመቅ፣ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ። በድንገት ሲቆም ከቀድሞው የባሰ ሊጥለው ይችላል። ክብሪቱ ምንም አያደርግለትም፣ ፊቱን ሊያቃጥለው ግን ይችላል። ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፣ ዙሪያውን ካለ ድንጋይና እሳት አርቁ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት።

አሁን የጠየቅከው። ያ ኪኒን ምን እንደሚሠራ በዚህ ዘዴ ነው በደንብ የታየው። አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባል «ረጋ በሉ» የሚል ንጥረ ነገር አለ፣ የክሎራይድ በር ይከፍታል። ፌኖባርቢታል በሩ አንዴ ከተከፈተ ቶሎ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ሌላ በር ጋ ነው የሚሄዱት፣ ሶዲየሙ ጋ። በሩ ተኩሶ ገና ያላገገመ ሲሆን ያዝ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ያለ ዕረፍት የሚተኩሰው ሴል ላይ ይበረታሉ፣ በረጋው ላይ ብዙም አይደሉም። አንዱ ኪኒን እምቢ ሲል ሐኪም ሌላ የሚሞክረው በሩ ስለሚለያይ ነው። እምቢ ካለው ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ተመልሳችሁ ንገሩት። የኔ ሥራ ነገ ለወንድምህ ኪኒን ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽህም።

የወንድሜ_ጠባቂ · 9:58

ስላልዋሸሽኝ አመሰግናለሁ። ለእናቴ አነብላታለሁ።

ፒፔቷ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:15

ሚኪ፣ ያልከኝን ሠራሁ፣ ያለ ቲሹ። ሁሉንም ነቅዬ አንድ በአንድ መለስኩ። ፒፔት ሳይገባ ሳጥኑ ዝግ፦ ጸጥ። ፒፔት ገብቶ አየር ላይ፦ ጸጥ። ፒፔቱን ገንዳው ውስጥ ስከተው፦ ማዕበሉ መጣ፣ ያው 60 ፒኮአምፒር።

ሚኪ_ቮልት · 7:22

በቃ ተያዘ። ሌባው ከገንዳው ጋር ነው። ገንዳው ውስጥ ከውጭ የሚገባ ምን አለ?

ፒፔቷ · 7:24

ሽቦ የለም፣ ከግራውንዱ በቀር። ሴሉ እንዳይሞት ኦክስጅን ያለው የጨው ውሃ በፓምፕ በቱቦ ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል።

ሚኪ_ቮልት · 7:25

ፓምፑ ከሳጥኑ ውጭ ነው? ግድግዳ ላይ የተሰካ?

ፒፔቷ · 7:26

አዎ።

ሚኪ_ቮልት · 7:28

እህቴ፣ የጨው ውሃ ሽቦ ነው! ሁለት ሜትር ሽቦ ከፓምፕ ሞተር አጠገብ አንስተሽ ገንዳሽ ውስጥ ከተሽ ፎይል ትለጥፊያለሽ?

ፒፔቷ · 7:31

እሱን እናውቀዋለን ባክህ፣ ለዚህ ነው መሃል ላይ ውሃው በጠብታ እንዲወርድ የሚደረገው። በጠብታና በጠብታ መሃል አየር አለ፣ መስመሩ ይቆረጣል። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የግሉኮስ ጠብታ መቁጠሪያ ነው የሰቀልነው።

ሰላማዊት_ነርስ · 7:40

የግሉኮሱ ካልሽማ ወደ እኔ መጣሽ። አሁን ሄደሽ እይው። ስንት ጠብታ በደቂቃ ይወርዳል?

ፒፔቷ · 7:52

…

ሰላማዊት_ነርስ · 7:53

ሞልቷል አይደል።

ፒፔቷ · 7:58

እስከ አንገቱ ሞልቷል። አንድም ጠብታ የለም፣ ከላይ እስከ ታች ድፍን ውሃ። ጥርት ስላለ ባዶ መስሎኝ ነው ሦስት ሰዓት አጠገቡ የቆምኩት።

ሰላማዊት_ነርስ · 8:00

አዲስ ነርስ ሁሉ የሚሸወድበት ነው። ከታች ክላምፑን ዝጊ፣ ገልብጪው፣ በጣትሽ ጨመቅ ጨመቅ አድርገሽ ውሃውን ወደ ላይ መልሺ፣ ግማሽ ሲሆን አቅኚው።

ፒፔቷ · 8:20

60 የነበረው ከ2 በታች ወረደ። መስመሩ ተኛ። አሁን የአይጥ ቁራጭ አስገብቼ አንድ ሴል ያዝኩ፣ −72 ላይ ተቀምጧል፣ ሌሎች ሹክ ሲሉት አንድ በአንድ ይታየኛል። የሰኞው ቲሹ ያንገበግበኛል።

ሚኪ_ቮልት · 8:24

ስምሽን በጆርናል ስታወጪ «ሚኪ፣ ዱባይ» ብለሽ ከታች ጣል አድርጊ።

ሳቂታው · 8:25

ሳምቡሳው ተቀዳ ማለት ነው?

ፒፔቷ · 8:26

ተቀዳ። እኔም ምሳ በልቻለሁ።

ሰላማዊት_ነርስ · 8:31

ጠብታውን በየሰዓቱ እይው። ወረቀት ላይ ጻፊና ለጥፊበት፣ ለተረኛው።